የሞይራ ኮርማ

«ቀለሙስ?» አለ ኦይታ።

ብዙወርቅ ጣቷን ከመስመሩ ላይ ሳታነሳ ቀና አለች። «የምኑ?»

«የኮርማው ነዋ! ጠፋ አልሽ፤ ልጅቷ ልትፈልገው ወጣች አልሽ። ቀለሙን ሳናውቅ ምኑን ነው አብረናት የምንፈልገው?»

ክፍሉ ሳቀ። ሳቁ ግን በኦይታ ላይ አልነበረም። ከሥነ ጽሑፍ ክበቡ አባላት መካከል ከብት በሌለበት ቤት ያደገ ቢፈለግ አይገኝም። ኦይታ ለትምህርት የመጣው ከከብት አርቢዎቹ ከበናዎች አገር ነው። የጂንካ ተወላጅ የሆነችው የሐና አባት ላሞች እንኳ የሚውሉት ከተማው መሀል፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ነው። ለነሱ ቀለሙ ያልተነገረ ኮርማ ስም እንደሌለው ሰው ነበር።

ብዙወርቅ ወደ ገጹ ተመለሰች። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። እሷ ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ እያነበበች፣ እዚያው በዚያው ወደ አማርኛ ትመልስላቸዋለች። ከዘጠነኛ ክፍል እንደሷ እንግሊዝኛ የሚቀናው አልነበረም፤ ይህንንም እሷ ራሷ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ገጹን ከላይ እስከ ታች ቃኘችው። ስለ ቀለም አንድም ቃል የለም። «የለም» ብትል ደግሞ ያልገባት ሊመስል ነው።

«ዳልቻ ነው» አለች።

«ዳልቻ!» አለ ኦይታ ረክቶ፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ እያስደገፈ። «በይ ቀጥዪ።»

መጽሐፉን ያመጣችው ሲስተር ኤለን ናት። ጊዜው 1979 ዓ.ም. ነው፤ እሷም በድርቁ ርዳታ ሥራ ጂንካ የመጣች አውስትራሊያዊት ነርስ ነች። እህቷ እዚያ አገር ትንሽ መጻሕፍት ቤት አላት። ታዲያ ይህች እህት ከፊት ለፊት የምትደረድረው የታወቁትን ደራስያን ሳይሆን፣ ገና የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ያሳተሙትን ነው። ስም ያለውን ሰውማ ማንም ይገዛዋል ባይ ናት። ሲስተር ኤለን አንድ ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ ለክበቡ ስትሰጥ የጠየቀችው ነገር ቢኖር፣ ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት የወደዱትንም የጠሉትንም በካሴት እንዲቀዱላት ነበር። እህቷ ካሴቱን መጽሐፍ ሊገዙ ለሚመጡት ታሰማዋለች፤ ለጸሐፊዎቹም ትልከዋለች።

ክበቡ ከካርቶኑ ውስጥ የመረጠው ይኼንን መጽሐፍ ነው። ጀርባው ላይ ነፋስ ፀጉሯን የበታተነባት ወጣት ፎቶ አለ። ሞይራ ትባላለች፤ በአንዲት የገጠር ከተማ ፖስታ ቤት ትሠራለች፤ ከዚህ በፊት የጻፈችው መጽሐፍ የለም። የአባቷን ስም በቅጡ መጥራት የቻለ ስላልነበረ ሁሉም እንደ ጎረቤት ልጅ «ሞይራ» ብቻ ይላታል።

ታሪኩም እንደ ጎረቤት ታሪክ ያዛቸው። ዝናብ እምቢ ባለበት አገር አንዲት ልጅ የአባቷን ብቸኛ ኮርማ ፍለጋ በፈረስ ትከራተታለች። የደረቀ ወንዝ ትቆፍራለች፤ ጥንብ አንሳ ሲዞር ባየች ቁጥር ልቧ ይከዳታል። «ይኼማ የኛ አገር ነው!» ይባባሉ ነበር። ወሬው ተሰምቶ አሥራ አንደኛ ክፍሎች ሳይቀሩ እየመጡ መስኮቱ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ብዙወርቅም ደስ አላት። ዳልቻውን ረስታዋለች።

ሲስተር ኤለን ልትሄድ በቀረበችበት ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ የመጽሐፉ ልጅ የደረቀው ወንዝ ዳር ተኝታለች። ጨለማ ነው። ኮቴ ሰማች። ብዙወርቅ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በጨለማው ውስጥ አንድ ነጭ ነገር ብልጭ አለ...»

ዓይኗ ከምላሷ ቀድሞ ወደሚቀጥለው መስመር ሄደ። ምላሷ እዚያው ቀረ።

«ምነው? ቀጥዪ እንጂ!»

ልታልፈው አሰበች። ግን በምን ይታለፋል? ልጅቷ ኮርማውን የለየችው በዚያው በነጩ ነው።

«ኮርማው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ጥቁር ነው... ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ አለው።»

 ከዚያ ጉድ ፈላ።

«ዳልቻውስ?»

«ተሽጧላ!»

«ኧረ ፀሐዩ አጥቁሮት ነው!»

ያልሳቀው ኦይታ ብቻ ነበር። ብድግ አለ። «ይኼን ሁሉ ሳምንት አብሬያት ስፈልግ ከረምኩ። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ዳልቻው ነው። ሞይራ ግን የገዛ ኮርማዋን ረስታዋለች! ይቺ ልጅ ከብት አይታ አታውቅም። ፖስታ ቤት ቁጭ ብላ ነው የቀባጠረችው።»

የክበቡ ኃላፊ፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ ቲቸር ደምሰው፣ ወደ ብዙወርቅ ዞሩ። «እንደዚያ ነው የሚለው?»

«አዎ ቲቸር፤ ጥቁር ነው የሚለው።» ይህ እንኳ እውነት ነበር።

የሲስተር ኤለን ቴፕ ጠረጴዛው ላይ ቀርቦ ነበር። ኦይታ ማንንም ሳይጠብቅ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጫነና አጎነበሰበት። «እህቴ ሞይራ፣ ኮርማሽ እንደ እስስት ቆዳውን ይለዋውጣል። ሁለተኛ እንዳትጽፊ።»

ክፍሉ በጭብጨባ ደመቀ። ወደ እንግሊዝኛ መመለሱ ደግሞ የብዙወርቅ ሥራ ነው። መለሰችው። ድምጿ የሌላ ሰው ሆኖ ተሰማት።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሐና ክንዷን ያዘቻት። አጠገቧ ስለምትቀመጥ ገጹን አይታዋለች። «ዳልቻ የሚል የለም፣ አይደል?»

«የለም።»

«በቃ እርሺው። አውስትራሊያ ካለች ሴትዮ ጋር የት ትገናኛላችሁ? ኦይታ ከሰማ ግን አለቀልሽ። እስክትመረቂ ድረስ ስምሽ ‹ዳልቻ› ነው። ማንበቡንም ለሌላ ይሰጡታል።»

ብዙወርቅ መጽሐፉን ገልብጣ ፎቶውን አየችው። ሞይራ ፖስታ ቤቷ ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ ማኅተም ይዛ፣ ከማታውቀው አገር የመጣውን ድምፅ ስትሰማ ታያት። ከሰማች በኋላ የምትይዘውን ፊት ግን ማየት አልፈለገችም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የአውሮፕላን ድምፅ ከተራራው በኩል ተሰማ። ጂንካ ውስጥ ይህ ድምፅ ሲመጣ ሥራው የታወቀ ነው፦ ልጅ የተባለ ሁሉ እያፏጨ ይወጣና ማረፊያው ላይ የተሰማሩትን ከብቶች ያባርራል። ሲስተር ኤለን ሻንጣዋ አጠገብ ቆማ የመጣውን ሁሉ እየጨበጠች ነው። ቴፑ በትከሻዋ በተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ኦይታና ሐና ከአንዲት እምቢተኛ ጥጃ ጋር ይታገላሉ። ብዙወርቅ እየሮጠች ደረሰችባቸው።

«ኦይታ!»

«ቆይ፣ በዚያ በኩል ዙሪባት!»

«ዳልቻ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጥጃዋ በእግሮቹ መካከል ሾልካ አመለጠች። «ምን አልሽ?»

«መጽሐፉ ቀለሙን አይናገርም ነበር። ስትጠይቀኝ ‹የለም› ማለት ከበደኝ። ሞይራ አልተሳሳተችም።»

ሐና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ኦይታ ዱላውን መሬት ላይ ተከለ። «እና እኔ ያልነበረ ኮርማ ስፈልግ ከረምኩ? አንቺ... አንቺ ዳልቻ!»

ያው ስሙ ወጣ። ብዙወርቅ ቆማ ጠበቀች፤ የሚቀጥለውን ግን አልጠበቀችውም። ኦይታ ድንገት ፊቱ ተለወጠ።

«ቆይ። እስከዚያች ሌሊት ድረስ ስለ ቀለሙ ምንም አላለችም?»

«ምንም።»

«ደብቃ... ደብቃ... ከዚያ በጨለማ ግንባሩን ብልጭ!» መዳፉን በጡጫው መታ። «ይቺ ልጅ ከብት ታውቃለች! በጨለማ ከብት በምኑ ይለያል? በነጩ እኮ ነው! እኔ እዚያ ላይ መጮህ ነበረብኝ። ጩኸቴን የበላሽብኝ አንቺ ነሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ብዙወርቅ። «አሁን ና፣ ሲስተር ኤለን ሳትሄድብን!»

አውሮፕላኗ አንድ ጊዜ ከዞረች በኋላ ልታርፍ ዝቅ ስትል ሦስቱም ሲስተር ኤለን ዘንድ ደረሱ። ብዙወርቅ እያለከለከች ሁሉንም በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ሲስተር ኤለን አልተቆጣችም። ቴፑን አወጣች። ኦይታ የረቡዑን እንድታጠፋለት ሲለምን ራሷን ነቀነቀች፤ እሱ ይቆይ፣ ከሥሩ ቀጥሉ አለች።

ብዙወርቅ ቀደመች። ዳልቻ የሚለው ቃል የሞይራ ሳይሆን የራሷ መሆኑን፣ ስሟን ጠርታ ተናገረች። ከዚያ ቴፑን ለኦይታ አቀበለችው።

«እህቴ ሞይራ» አለ ኦይታ፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየጮኸ። «የረቡዑን ተይው። መጻፍሽን እንዳታቆሚ። ኮርማሽ ኮርማ ነው! አባትየው ግን ቂል ነው። ያለውን አንድ ኮርማ ያለ ቃጭል የሚለቅ ማን ነው? በሚቀጥለው መጽሐፍሽ ቃጭል እሰሪለት።»

ሲስተር ኤለን ወደ ብዙወርቅ ዞረች፤ ምን አለ? እንደማለት ቅንድቧን አነሳች።

«ቂል ያለውን ዝለዪው» ብላ ሐና በጆሮዋ ሹክ አለቻት። «ነውር ነው፤ የራሷ የሞይራ አባት ቢሆንስ?»

ብዙ ያማሩ ቃላት ብዙወርቅ ምላስ ላይ ተሰለፉ። ድንቅ መጽሐፍ፣ ታላቅ ደራሲ፣ የጂንካ ተማሪዎች ከልብ... አፏን ወደ ቴፑ አስጠጋችና ኦይታ ያለውን መለሰችው፤ ከነቂሉ፣ ከነቃጭሉ።

ሲስተር ኤለን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ጎማዎቹ ሣሩን ሲነኩ ቀዩ ቁልፍ ገና አልተነሳም ነበር። «ሌላስ?» አለች። «ሌላ አላለም?»

«የለም» አለች ብዙወርቅ። «ያለው ይኼንኑ ነው።»