እስከ አፉ የሞላው ብልቃጥ

አዛውንቱ ቀዶ ጥገና ጠረጴዛው ላይ ከሞቱ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም። ልጃቸው የነርሶቹን ማረፊያ ክፍል ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከቷል። «አባቴን የገደለው ሳይታወቅ ከዚህ ንቅንቅ የለም!» ብሎ በሩን በጀርባው ደገፈ። ዓሣ ነጋዴ ነው፤ ትከሻው በሩን ያህላል።

ውስጥ ሐኪሙ፣ ነርሷና የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ታፍነዋል። መስኮቱ አይከፈትም። ከሁሉ ይልቅ የጨነቃት ባለሙያዋን ነው። ለአዛውንቱ ልብ የተሰጠውን ፈሳሽ በብልቃጥ ያዘጋጀችው እሷ ስለሆነች ጣት ሁሉ ወደ እሷ ይጠቁማል። ሥራዋ ቀርቶ እስር ቤቱም ታይቷታል።

ነጋዴው በሩን አንዴ ብቻ ከፍቷል፤ ራሱ የጠራትን መርማሪ ለማስገባት። ባልደረቦቿ «እመት ለምን» ይሏታል፤ መጠየቅ ከጀመረች ሰይጣንም ይሰለቻል።

«ብልቃጡ ውስጥ ምን ነበር?»

«ማይቶኮንድሪያ» አለች ባለሙያዋ። «ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጩ ደቃቅ ነገሮች ናቸው። ከራሳቸው ከአባባ ጡንቻ ነው የወሰድናቸው።»

«ለምን?»

ሐኪሙ መለሰ። «የልባቸው ደም ሥር ተዘግቶ ነበር። ስንከፍተው ደሙ ይመለሳል፤ ጣጣው ያኔ ነው። ብዙ የተራበ ሰው ድንገት ቢያጎርሱት እንደሚታመም፣ ልብንም የተመለሰው ደም ራሱ ይጎዳዋል። ጤነኛ ማይቶኮንድሪያ ከሰጠነው ይቋቋመዋል ብለን ነበር። የዛሬው ግን ምንም አልረዳቸውም። ልባቸው ተንቀጠቀጠና ቆመ።»

«አበላሽታው ነዋ!» ጮኸ ነጋዴው።

መርማሪዋ ዞር አላለችም። «ልጄ፣ ብልቃጡ ከእጅሽ ወጥቶ ነበር?»

ባለሙያዋ ነጋዴውን እያየች መለሰች። «ቀዶ ጥገናው በሃምሳ ደቂቃ ተራዘመ። ምን እንደተፈጠረ ልጠይቅ ስወጣ፣ ከነበረዶ ሳጥኑ እዚህ ተውኩት። እኚህ የአባባ ልጅ ተቀምጠው ስለነበር ‹እንዳይሞቅ፣ አደራ› አልኳቸው።»

«እኔም ዓይኔን አልነቀልኩም! ከእኔ በቀር ማንም ዝር አላለም!»

«ነርስ፣ ብልቃጡን ስታወጪው ምን አየሽ?»

«ምንም። ክዳኑ ብቻ ትንሽ ተነስቶ ነበር፤ ተጭኜ ዘጋሁት።»

«እስከ የት ትሞዪዋለሽ፣ ልጄ?»

«እስከ አፉ። አየር እንዳይቀርበት፣ ልማዴ ነው።»

መርማሪዋ ተነስታ ጥግ ላይ ያለውን ትንሽ ፍሪጅ ከፈተች። በረዶ የሚሠራበትን የላይኛውን ክፍል እየመረመረች ብዙ ቆየች። ስትመለስ ድምፅዋ ለስልሶ ነበር።

«ወንድሜ፣ ገዢ ሲዘገይብህ ዓሣውን ምን ታደርገዋለህ?»

«በረዶ ቤት ነዋ የምከተው! አለዚያማ ይበሰብ…» ዓይኑ ፍሪጁ ላይ አረፈ።

ለባለሙያዋ ያኔ ገባት።

«ሁላችሁም ስሙኝ» አለች መርማሪዋ። «እስከ አፉ የሞላ ውሃ በረዶ ሲሆን ቦታ ስለሚያንሰው ክዳኑን ይገፋል። ይህም ክዳን ተገፍቷል። ብልቃጡ የነበረበት ሳጥን በረዶ ደግሞ ያቀዘቅዛል እንጂ ድንጋይ አያደርግም። ስለዚህ ብልቃጡ ከዚያ የባሰ ቀዝቃዛ ቦታ ገብቶ ወጥቷል። ፍሪጁ ውስጥ፣ ግግሩ ላይ፣ ብልቃጡን የሚያክል የጣት ያህል ጉድጓድ አለ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ራሱ ነግሮናል። ገዳይ አይደለም። አደራ ጠባቂ ነው።»

ነጋዴው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «በረዶው ሲቀልጥ አየሁ… እንዳይሞቅ ብላኛለች፤ ፍሪጁ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ የእርምጃ ድምፅ ስሰማ አወጣሁት። ድንጋይ ሆኗል። በመዳፌ አሙቄ አቀለጥኩና ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት። ምን ያጠፋል ብዬ?»

«ማይቶኮንድሪያዎቹ በረዶ ሲሆኑ ይፈነዳሉ» አለች ባለሙያዋ በዝግታ። ላቦራቶሪ ውስጥ ይህን የማያውቅ ስለሌለ፣ ለማንም ነግራ አታውቅም።

ቀና ብሎ አያት። «በረዶ ባይሆን ኖሮ አባቴ ይድን ነበር?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። አዎ ብትል የወረደባት ዘለፋ ሁሉ ይካስላታል። አይ ብትል እሱ ይተነፍሳል።

«አላውቅም» አለች። «ማንም አያውቅም። ‹በረዶ እንዳይሆን› ብዬ ግን አልነገርኩዎትም። እሱን አውቃለሁ።»

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። «ውጪ፣ እህቴ። ሂጂ።»

በሩን ከፈተች። ሐኪሙና ነርሷ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። እሷ ተመልሳ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እሱ መዳፉን እያየ ነበር።