ቀይ ነጥብ ያለባቸው ድንጋዮች

«ሰዓቱንም ገደልሽው?» አለ ታላቅ ወንድሟ። የግድግዳው ሰዓት ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቶ፣ የጀርባ ክዳኑ ተከፍቶ ተኝቷል።

«እያጠናሁት ነው። አትረብሸኝ።»

«እሺ ፕሮፌሰር።»

ፕሮፌሰር የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። ማንኛውንም ዕቃ ሳትፈታ አታምንም። የዓመቱን ፈተና በማለፏ አክስቷ አራት ቻርጅ የሚደረጉ የባትሪ ድንጋዮች ከነቻርጀራቸው ሸልማታለች። ቤቱ ውስጥ ግን ድንጋይ የሚበላው ዕቃ ብዙ ነው፤ አራቱ ለሁሉም አይዳረሱም። ስለዚህ ጠዋት ቁርሷን እንደጨረሰች ሁሉንም ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ ሰዓቱን፣ ሪሞቱን፣ የወንድሟን ጆይስቲክና የራሷን የጥናት መብራት።

«ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ነው የሚቀምሰው» አለች ለራሷ የምታወራ ያህል። «ተራ ድንጋይ ዓመት ያቆየዋል። ሪሞቱም እንደዚያው። ቻርጅ የሚደረገው የሚገባው ቶሎ ቶሎ ለሚጨርስ ዕቃ ነው።»

«ታዲያ ከኔ ጆይስቲክ የባሰ ሆዳም የት ይገኛል?»

«አንተ አለህ።»

በሐሳቧ ግን ወስና ጨርሳለች፤ ሁለቱ ለመብራቷ፣ ሁለቱ ለመቀየሪያ። በፈተናው ሰሞን ኤሌክትሪክ በየምሽቱ ሲጠፋ ያዳናት ይህ መብራት ነበር። አንድም ምሽት አልደከመም። እራት ላይ ስትኩራራበት አያቷ «ጎበዝ መብራት ነው» ብለው ነበር።

የመብራቷን ክዳን ከፈተችና ፊቷ ተለወጠ። ድንጋዮቹ የእሷ አይደሉም። ወንድሟ እያወጣ ጆይስቲኩ ውስጥ ስለሚከታቸው፣ የእሷዎቹ ላይ በእናቷ የጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አድርጋባቸው ነበር። እነዚህ ነጥብ የላቸውም።

«ሌባ። የት አደረስካቸው?»

«እኔን ነው? እናቴ ትሙት፣ አልነካኋቸውም። ያንን ቀለም ካየሁ ወዲህ ክዳኑንም አልከፈትኩት።»

ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። አልቀላም።

አያቷ እንደ ልማዳቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል። ያልታየው ዕቃ እሱ ብቻ ነበር።

«አባባ፣ ሬዲዮውን አንዴ ይስጡኝ። ለእርስዎም ድንጋይ እየመረጥኩ ነው።»

«ለኔ አታስቢ ልጄ። የኔ ሬዲዮ ሆዱ ትንሽ ነው። ደግሞስ በኛ ጊዜ ድንጋይ ይወረወራል እንጂ መች ቻርጅ ይደረግ ነበር?»

ወንድሟ ሳቀ። እሷ ግን እጇን እንደዘረጋች ቀረች፤ አያቷም እያመነቱ ሰጧት።

ክዳኑን ስትከፍት ሁለት ቀይ ነጥቦች አፈጠጡባት። ድንጋዮቹን አወጣቻቸው። ሞቅ ይላሉ፤ ፀሐይ ላይ እንደዋለ ዕቃ። ፀሐይ የሚያርፍበትን የመስኮቱን ደፍ አየች። አቧራው ላይ ጣት ጣት የሚያካክሉ ሁለት ንጹሕ ቦታዎች ጎን ለጎን አሉ።

እናቷ ለአያቷ ሬዲዮ በየጊዜው አዲስ ድንጋይ ትገዛለች። እነዚያ አዲሶቹ ታዲያ የት እንደሚገቡ አሁን ገባት። እሷ ትምህርት ቤት በዋለች ቁጥር በአያቷ እጅ አዲሱ ወደ መብራቷ፣ የደከመው ወደ ሬዲዮው ይሄድ ነበር። ቀይ ነጥቦቹንም ዓይናቸው አላየላቸውም።

«አባባ» አለች ድንጋዮቹን እንደያዘች፣ «የዛሬው ዜና ምን አለ?»

«አርዕስቱን ሰምቻለሁ።»

«ዝርዝሩስ?»

«ዝርዝሩ ምን ያደርግልኛል? ዓለም እንደሆነች ያው ናት።»

ፀሐይ የሞቀ ድንጋይ ከአርዕስት በላይ አያስኬድም። ወንድሟ ቀስ ብሎ ጆይስቲኩን ከጠረጴዛው አነሳና ኪሱ ከተተ።

አክስቷ ከሰጠቻት ድንጋዮች ሁለቱን ሬዲዮው ውስጥ አስገባች። ቻርጀሩንም ሌሎቹን ሁለቱን አስይዛ ከወንበራቸው አጠገብ ካለው ሶኬት ሰካችው።

«እነዚህ ሲደክሙ እነዚያ ይገባሉ። ሁልጊዜ ሁለቱ አብረው ነው የሚቀየሩት፤ ከሌላ ጋር አይቀላቅሏቸው። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ከዛሬ ጀምሮ የለም።»

አያቷ ቀና ብለው አዩዋት። «መብራትሽስ?»

«የእርስዎ ድንጋዮች አሉበት አባባ። ጎበዞች ናቸው።»

አያቷ የሬዲዮውን ማብሪያ ተጫኑት። የዜና አንባቢው ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ ወንድሟ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። ለደከመው ድንጋይ ሲባል እስከ ጥጉ የተጠመዘዘ ድምፅ ነበር። አያቷ እየሳቁ ቀነሱት። ከዚያም ሬዲዮውን ጆሯቸው ላይ አልመለሱትም፤ ሁሉም እንዲሰማ መስኮቱ ደፍ ላይ አቆሙት።

«ነይ ቁጭ በይ» አሏት ጠጋ እያሉላት፣ «ዝርዝሩ ሊጀምር ነው።»

የግድግዳውን ሰዓት እንደተከፈተ ትታው ከጎናቸው ተቀመጠች።