የቆጣቢው ሰው አምፖል

ወይዘሮ ኦዴሳ ፕሩት ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ወንበራቸው ላይ ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የነበረው የብርጭቆ ውሃ በረዶ ሆኗል።

የቺካጎ ጥር ደጅ ያደረን ሰው ይገድላል። እሳቸው ግን ቤታቸው ነበሩ።

መርማሪ ማቪስ ሆልደን ማሞቂያውን ዳሰሰችው። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

የሟቿ የእህት ልጅ ላማር ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ፖሊስ ይጠብቀዋል።

"እኔ ነኝ የገደልኳት" ይላል ደጋግሞ።

"አመነ እኮ!" አለ የቤቱ ባለቤትና አከራያቸው ኮስትካ። "ትናንት የሙቀት መቆጣጠሪያዬ ላይ በረዶ የሠራ አተር ከነከረጢቱ ጭኖ አበላሸው። ያነሳሁት እኔው ነኝ።"

የቤቱን ማሞቂያዎች ሁሉ የሚያዘው መቆጣጠሪያ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ፣ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፉ ያለው ኮስትካ ዘንድ ብቻ ነው። ማቪስ ያደገችው እንዲህ ባለ ቤት ነው። እናቷም ሳጥኑ ላይ በረዶ ያኖሩ ነበር።

"ላማር፣ አተሩን ስትጭን ምን ሆነ?"

"ማሞቂያው ጋለ። አክስቴ ካፖርቷን አወለቀች። እኔም ደህና እደሪ ብያት ሄድኩ።"

"እንግዲያው አተርህ ሙቀቱን ጠራው እንጂ አላባረረውም። መሣሪያው ቤቱ የበረደ መስሎት ማሞቂያውን አበራ።"

"ይኸው፣ ቤቱ ሞቃት ነው ይላል!" አለ ኮስትካ ወደ ሳጥኑ እያመለከተ። ሲናገር ትንፋሹ ይጨሳል።

ማቪስ ጣሪያው ላይ ያሉትን አዳዲስ አምፖሎች አየች። "አምፖሎቹን ሁሉ ቀይረዋል?"

"ከምድር ቤት እስከ ላይ። አሮጌዎቹ መብራት በልተው ሙቀት ነው የሚተፉት። እኔ ቆጣቢ ሰው ነኝ።"

ከሳጥኑ ሥር፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ትንሽ መብራት በቀን ይበራል። ማቪስ አምፖሉን ነካችና እጇን ቶሎ ሰበሰበች።

"ይሄኛው አሮጌስ እንዴት ሳይቀየር ቀረ?"

ኮስትካ የሳጥኑን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"አተሩን አነሱ፣ ይሄን አበሩ። መሣሪያው ቤቱ የሞቀ መስሎት ማሞቂያዎቹን የሚያግለውን ቦይለር አጠፋው።"

"ቤቱን ልሸጥ ነው፤ ገዢው ባዶውን ነው የሚፈልገው" አለ ኮስትካ በመጨረሻ። "ሴትዮዋ ደግሞ ሬሳዬ ካልወጣ አልወጣም አለችኝ። ሲበርዳት ትሄዳለች ብዬ እንጂ..."

ማቪስ የመብራቱን ገመድ ነቀለች። ጥቂት ቆይቶ ምድር ቤት ያለው ቦይለር አጉረመረመ። ማሞቂያው መጋል ጀመረ። ላማር ይህን ሲሰማ ነው ያለቀሰው።

ኮስትካ በካቴና ታስሮ ደጃፍ ሲደርስ ዞር አለ።

"በሩን ዝጉት እንጂ፣ ሙቀቱ እየወጣ ነው።"

ላማር ተነሥቶ ሄደና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።