ቀለበት መንገድ ላይ አንዴ ተጠራሁ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ቁጭ በሉ። የቆመ ሰው ወሬ የሚሰማው በግማሽ ጆሮው ነው።

የምነግራችሁ ተረት አይደለም። ወላሂ፣ በእኔ በሙስተፋ ላይ የደረሰ ነው።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ዓመት የካቲት ውስጥ፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ። ፀሐይ አናት ላይ። አዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ፣ በፊትም በኋላም መኪና ብቻ...

እኔ የቡታጅራ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በርበሬ ስነግድ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟልና አጻጻፌ ቢወለጋገድ እለፉኝ።

ባለቤቴ ከድጄ የልብ ሕመም ነበረባት። የዚያን ዕለት ጠዋት ትንፋሽ አጠራት። ሐኪሙ "ዛሬውኑ አዲስ አበባ መድረስ አለባት" ብሎ ወረቀት ጻፈልን። አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ይዞ ወጥቷል። የእህቴ ልጅ ሀቢቡ ነጭ ሚኒባስ አለው። የኋላ ወንበሩን ነቅሎ ፍራሽ አነጠፈላት።

ኦክስጅን በሲሊንደር ሰጡን። ከሲሊንደሩ ቀጭን ቱቦ ይነሳና ፊቷ ላይ ካለው ጭንብል ይገባል።

"እስከ ስምንት ሰዓት ይበቃታል" አለችን ሲስተሯ። "ቱቦው እንዳይወልቅ ብቻ ተጠንቀቁ።"

ሁለት ጊዜ ነው የተናገረችው። ሁለት ጊዜ...

ልጃችን ዛህራ ከእናቷ ጋር ኋላ ሆነች። እኔ ከሀቢቡ ጎን ፊት ተቀመጥኩ። ከድጄ አረንጓዴ ሻርፗን እግሯ ላይ ጣል አድርጋለች። ለዛህራ ሰርግ የገዛሁላት ነው፤ ለክፉም ለደጉም ያንኑ ነበር የምትለብሰው።

ቡኢ ከተማን ስናልፍ ሀቢቡ ሊያጫውታት ፈለገ።

"አክስቴ፣ አንቺ ሐኪም ቤት ስትተኚ ለአጎቴ አንዲት የአዲስ አበባ ሴት እናይለታለን።"

ጭንብሉን ገለጥ አደረገች። "የዛህራን አባት? የሚወስደው ካገኛችሁማ... አንድ ኩንታል በርበሬ ምርቃት ጨምሩላት።"

ሳቅን። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ አሳላት፤ ዛህራ ጭንብሉን መለሰችላት።

"የዛህራ አባት" ነው ያለችው። ይቺን ነገር ያዙልኝ። በእኛ ቤት ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም፣ ነውር ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን "ሙስተፋ" ብላኝ አታውቅም።

ቀለበት መንገድ ገብተን ብዙም አልሄድን። መኪናው ሁሉ ቆመ።

አምስት ደቂቃ... አሥር... ሃያ...

ሀቢቡ ጥሩንባውን ያዘው። ከጎናችን የቆመ የገልባጭ መኪና ሾፌር አንገቱን አወጣ።

"ወንድሜ፣ ጥሩንባህን ለሰርግህ ቆጥበው! መሄድ ቢቻል እኔ እዚህ ምን ልሠራ?"

"በሽተኛ ይዣለሁ!"

"እንግዲያው ክንፍ አብቅል!"

ከዚያ ከላይ ወደ ውስጥ ሲመለከት ፍራሹን አየ። ሲሊንደሩንም አየ። ፊቱ ተለወጠ።

"አፉ በሉኝ አባቴ... መንገድ ተዘግቶ ነው። እንግዳ ሊያልፍ ነው አሉ።"

"የምን እንግዳ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ትልቅ ሰው ይሆናላ።"

ከኮንክሪቱ አጥር ማዶ፣ ወደ እኛ አገር የሚመልሰው መንገድ ባዶ ነበር። አንድ መኪና የለበትም። የተጠረገ አውድማ ይመስላል። የእኔ ሰው ትንፋሽ አጥሯት ተኝታለች፣ መንገዱ ማዶ ማንም ሳይሄድበት ፀሐይ ይሞቃል።

ዛህራ ከኋላ ብቅ አለች። "አባባ፣ ወርጄ ትራፊኩን ልለምነው። እማን እያት።"

"ሂጂ" አልኳት። "አያታለሁ።"

አያታለሁ... አልኳት።

ወርዳ በመኪኖቹ መሃል እየተሽሎከለከች ሄደች። ዞር ብዬ ከድጄን አየኋት። ዓይኗ ተከድኗል፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ተኝታለች ብዬ ወደ ፊቴ ተመለስኩ።

አሁን እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ ያስተማረችኝን ልንገራችሁ። "ልጄ" ትለኝ ነበር፣ "በቀትር ስምህን የሚጠራ ድምፅ ከሰማህ አቤት አትበል። አትዙር። ሰው ከሆነ ይደግምሃል። ሸይጣን ግን አንዴ ነው የሚጠራው። አቤት ካልከው ይዞህ ይሄዳል።" እኛ አገር ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ሀቢቡም ያውቃል።

ዛህራ ከሄደች ትንሽ ቆይቶ... ፀጥ አለ።

ጥሩንባው ቆመ። ውሃና ሶፍት የሚያዞሩት ልጆች ድምፃቸው ጠፋ። ያ ሁሉ ሞተር እየሠራ ነበር እኮ። አንዱም አይሰማም።

"አጎቴ" አለ ሀቢቡ በሹክሹክታ። "ምነው ጭር አለ?"

ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ። ቀጭን።

ስስስስስ...

"ጎማ ተነፈሰ እንዴ?" አልኩት።

ወርዶ አራቱንም ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገና ተመለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ጎማው ደህና ነው።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ወደ ማዶ እያየ ነበር።

ባዶው መንገድ ላይ ነጭ ሚኒባስ ቆሟል። ልክ በእኛ ትይዩ። ሲመጣ አላየነውም። አፍንጫው ወደ ቡታጅራ ነው። መጋረጃው በሙሉ ወርዷል። መሪው ላይ ሰው የለም። የጎን በሩ ወደ እኛ ተከፍቷል...

"ሀቢቡ... ያንተን መኪና አይመስልም?"

"የፊት መብራቱን እይ" አለኝ። "የኔ የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ነው የተሰነጠቀው።"

የማዶው መኪና ጎማዎች ጭቃ ይዘዋል። ቀይ፣ እርጥብ ጭቃ። በየካቲት! ዝናብ ካየን ወራት ሆኖናል።

ስስስስስ...

እና በዚያ መሃል...

"ሙስተፋ..."

ቀስ ያለች ድምፅ። የሴት። ከማዶ ትምጣ፣ ከኋላዬ ትምጣ፣ አልለየሁም።

ፀጉሬ ቆመ።

"አጎቴ... ጠሩህ እኮ።"

"ዝም በል! አንዴ ነው።"

"ከኋላ መሰለኝ... አክስቴ ትሆን?"

"አክስትህ ስሜን አትጠራም! ተኝታለች። አትዙር!"

ክንዱን ይዤ ከቁርኣን አየተል ኩርሲን መቅራት ጀመርኩ። እሱም አብሮኝ ቀራ። ሁለታችንም ወደ ፊት አፍጥጠን፣ እንደ ሕፃን እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ እስኪደገም ጠበቅን።

አልተደገመም።

ባልተደገመ ቁጥር ልቤ ረጋ። "ይኸው፣ ሸይጣን ነበር" አልኩ በሆዴ። "እናቴ አዳነችኝ" አልኩ።

የማዶው በር ሸርተት ብሎ ተዘጋ። የዘጋውን እጅ አላየሁም። ሚኒባሱ ያለ ሞተር ድምፅ ሄደ። ሲያልፍ የኋላው መጋረጃ ትንሽ ገለጥ አለና አንዲት አረንጓዴ ጨርቅ አየሁ...

ወዲያው ጥሩንባው፣ ጩኸቱ፣ ሁሉም ባንዴ ተመለሰ። ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ዛህራ ትራፊኩን አስከትላ እየሮጠች መጣች።

"እንግዳው አለፈ" አለ ትራፊኩ። "ቅድሚያ እንሰጣችኋለን፣ ንዱ።"

ማን ነው ያለፈው ብዬ ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ ዛህራ በሩን ከፈተችው።

"እማ!"

ልጆቼ... ይቺን ቶሎ ልለፋት።

ከድጄ ጭንብሉን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋዋለች። ቱቦው ከሲሊንደሩ ወልቋል። እንዴት እንደወለቀ እስከዛሬ አላውቅም። ኦክስጅኑ ለፍራሹ፣ ለጣሪያው፣ ለማንም ይነፍሳል...

ስስስስስ...

ቀኝ እጇ ወደ እኔ ወንበር ተዘርግቷል። የጣቶቿ ጫፍ ከጀርባዬ አንድ ስንዝር አይርቅም።

"የዛህራ አባት" ለማለት ትንፋሽ አልበቃትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የጠበቀችውን ነውር ጥሳ፣ ባጭሩ ጠራችኝ። አንዴ። ለሁለተኛው የሚሆን አልነበራትም።

እኔ ደግሞ እስኪደገም እየጠበቅኩ ነበር።

ዛህራ ፊቷን ልታለብሳት ሻርፑን ፈለገች። ከፍራሹ ሥር፣ ከወንበሩ ሥር፣ መንገዱ ላይ... አረንጓዴው ሻርፕ የለም።

ሐኪም ቤት ደርሰን አረጋገጡልን። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ጀናዛዋን ይዘን ወዲያው ወደ አገራችን ዞርን። በመንገድ ላይ ማንም ስልክ እንዳያነሳ ከለከልኩ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ እኔው በአፌ እናገራለሁ አልኩ። ማንም አልደወለም። ሦስታችንም እዚያው ነበርን።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሰፈራችን ስንደርስ፣ መንደርተኛው ሁሉ መቃብሩ አጠገብ ቆሟል።

ጉድጓዱ ተቆፍሯል።

ጎረቤቴ አብዱልሃፊዝ አካፋውን እንደያዘ ወደ መኪናው መጣ። ውስጥ አይቶ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጀናዛዋን ያያል።

"ማን ነገራችሁ?" አልኩት።

አካፋውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"አብዱልሃፊዝ፣ ማን ነገራችሁ?"

"ራሷ ናት..." አለኝ በጆሮዬ። "ስድስት ተኩል ላይ የሀቢቡ መኪና በዚህ አለፈ። ከድጄ በመስኮት ብቅ ብላ፣ ያችን አረንጓዴ ሻርፗን ተከናንባ፣ 'ቆፍሩ፣ የዛህራ አባት እየመጣ ነው' አለችን። ሙስተፋ... እኛ የሞትከው አንተ መስለኸን ነበር። ያንተ ነው ብለን ነው የቆፈርነው።"

ስድስት ተኩል። ያኔ እኛ ቀለበት መንገድ ላይ ነን።

ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር አየሁት። ቀይ ነው። እርጥብ።

በእኔ ልክ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ከድጄን አስገባናት። ሰፋት። እጄን ሰጥቼ ሳወርዳት ግራና ቀኝ የቀረውን ባዶ ቦታ አየሁና... ይሁን።

ሀቢቡ ሚኒባሱን ሸጠ። አሁን ወልቂጤ ባጃጅ ይነዳል። ስንገናኝ ስለዚያ ቀን አናወራም። አንድ ጊዜ ብቻ "አጎቴ፣ ከኋላ መሰለኝ ብዬህ ነበር" አለኝ። "አዎ፣ ብለኸኛል" አልኩት።

ለዛህራ ግን እናቷ እንደጠራችኝ እስከዛሬ አልነገርኳትም። "ተኝታ ነው የሄደችው" ነው ያልኳት። ይኸው እዚህ ስታነበው ታውቃለች። ልጄ፣ አያታለሁ ብዬሽ አላየኋትም። አፉ በይኝ።

አሁን ማንም ቢጠራኝ በአንዱ አቤት እላለሁ። ገበያ ውስጥ ሌላ ሙስተፋ ሲጠራም እኔ አቤት እላለሁ። የሰፈር ልጆች "አባ አቤት" የሚል ስም አውጥተውልኛል። ይሳቁ፣ ምን አለበት።

የከድጄ አርባ ዕለት፣ ሰዉ ዱዓ አድርጎ ከተበተነ በኋላ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከደጅ ሰማኋት።

"ሙስተፋ..."

ሁለተኛው ነው።

"አቤት! አቤት ከድጄ!" ብዬ በባዶ እግሬ ወጣሁ።

ማንም የለም። ደረቁ አቧራ ላይ ብቻ የመኪና ጎማ ዱካ አለ፣ በቀይ እርጥብ ጭቃ የታተመ። ከየት እንደመጣ አይታይም። ከደጃፌ ነው የሚጀምረው። የጎን በር በሚከፈትበት በኩል ደግሞ መሬቱ ላይ አረንጓዴው ሻርፕ ተነጥፏል... ሰው እግሩን ጠርጎ እንዲሳፈር እንደሚነጠፍ ሆኖ።

እዚያው ተውኩት። በማግስቱ አልነበረም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ብቻ አስታውሱልኝ። የእናንተ ሰው አንዴ ሲጠራችሁ፣ አቤት በሉ። እስኪደግም አትጠብቁት።

እና ምናልባት በቀትር ቀለበት መንገድ ላይ ቆማችሁ፣ ማዶ ባዶው መንገድ ላይ በሩ የተከፈተ ነጭ ሚኒባስ ካያችሁ... ከድጄን አትፍሯት። እኔን አስታውሱና፣ "የዛህራ አባት አቤት ብሏል" በሉልኝ።