ኮከብ ሥር የተደበቀች ፕላኔት

«ይቺ ናት!» አለ ደጉ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ በጣቱ እየነካ። «እዚችው ጋ ነው የደበቅኳት! ናርዶስ ባንድ ሙከራ አገኘቻት፣ ቲቸር!»

የፊዚክስ መምህራቸው ቲቸር ስሜነሽ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። «ጎበዞች! ነገ ዳንግላ የሳይንስ ውድድሩ ላይ ይህንኑ ታሳያላችሁ» ብለው ወጡ።

ናርዶስ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ፊቷ ግን በኀፍረት ጋለ።

ሥራቸው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ያለ ቴሌስኮፕ ነው። የሩቅ ኮከብ ብርሃን አየር ሲያቋርጥ ይረበሻል፤ ዘንገና ሐይቅ ላይ የሚታየው የዛፍ ምስል ነፋስ ሲነካው እንደሚሰባበር። የናርዶስ ፕሮግራም የቴሌስኮፑን መስተዋት በየቅጽበቱ እያጣመመ ያንን ረብሻ ያስተካክላል። ከተሳካ፣ ኮከቡ አጠገብ ያለች ደብዛዛ ፕላኔት ብቅ ትላለች። መፈተኛውን ያመጣው ደጉ ነው፦ ኩኩሉ። እሷ ውጭ ትቆማለች፣ እሱ ፕላኔቷን ደስ ያለው ቦታ ይደብቃል፣ ከዚያ ገብታ ትፈልጋለች።

ዛሬ ግን አራት ነጥብ ወጣ። ሦስቱ የመስተዋቱ ስህተት የፈጠራቸው ናቸው፤ እውነተኛዋን መለየት አቃታት። ደጉ መምህራቸውን ሊጠራ ሲወጣ የደበቀበትን ቦታ የመዘገበበትን ፋይል ከፍታ አየች። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ለክፍላችን ልጅ ለሽባባው ነገርኩት እኮ» አለ ደጉ። «‹ናርዶስ ዓይኗን ጨፍና ፕላኔት ታገኛለች› ስለው አፉን ከፍቶ ቀረ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ነገ ሌላ ሰው ቢደብቅባት ምን ልትል ነው? ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ያቃጠላት የደጉ አለመጠርጠር ነበር። በሰፈራቸው ኩኩሉ ላይ በጣቱ መሃል ያየ ልጅ ከጨዋታው ይባረራል።

«እንሂድ፣ ዝናብ ሳይዘን» ብሎ ኮምፒውተሩን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ።

«ተው፣ እንዳታጠፋው። እንደገና ደብቃት።»

«አቦ ተገኘች እኮ! ምን ሆነሻል?»

«በጣቴ መሃል አይቼ ነው» አለች፣ ወለሉን እያየች። «ፋይልህን ከፍቼ።»

ደጉ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ስክሪኑን አየ፣ ቀጥሎ እሷን፤ ሳቁ ጠፋ።

ናርዶስ ወደ በረንዳው ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ዓይኗንም ጨፈነች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ጀምሯል።

«ኩኩሉ» አለች ቀስ ብላ።

ትንሽ ቆይቶ የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ።

«አልነጋም» አለ ደጉ ከውስጥ።