የማይበላው አፈር

የዶክተር ወልደ ሥላሴን ራስ የፈለጠው ዶማ የገበሬው የደረሰ ነበር። ሬሳቸው በደም ተነክሮ የተዘረረበት ማሳም የደረሰ ነው። ይባስ ብሎ፣ በዋዜማው ቡሬ ገበያ መሃል ቆሞ «መሬቴ ውስጥ ነጭ ጨርቅ እየቀበረ መተት ይሠራብኛል፤ አፈር ድሜ ባላስግጠው!» ብሎ የዛተው ራሱ ነው። ታዲያ እሱን ያላሰሩ ማንን ሊያስሩ ኖሯል? የሚሌኒየሙን ክረምት ፍኖተ ሰላም ወህኒ ቤት አሳለፈው።

ጨርቁ እንኳ መተት አልነበረም። ዶክተሩ የሚያጠኑት አፈር ውስጥ ያሉትን በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ነበር። አፈሩ ሕይወት ካለው እነሱ ጨርቁን ይበሉታል፤ ከሌለው እንዳለ ይቀራል።

በፍልሰታ ረዳታቸው ሠርክአዲስ ጨርቆቹን ልታወጣ ስትቆፍር፣ ከማሳው ላይኛ ጫፍ በደም የጠቆረ ጋቢ አወጣች። የወረዳው ፖሊሶች ደስ አላቸው፤ ደረሰን ማን ያድነዋል! ነገሩን እንድትቋጭ የተላከችው ኢንስፔክተር ሀብትነሽ ግን በሌላው ችኮላ የምትቸኩል ሴት አይደለችም። ገና ከመኪና ስትወርድ የደረሰ ሚስት ንግሥቴ እግሯ ላይ ወደቀች።

«አፈር ስሆን፣ እመቤቴ! አፉ ክፉ ነው እንጂ እጁ ሰው አይገድልም። ሞት ከፈረዱበት እነዚህን ልጆች ከምን አደርሳቸዋለሁ?»

ሀብትነሽ ብድግ አደረገቻት፤ ተስፋ ግን አልሰጠቻትም፤ ሚስት ስላለቀሰች ብቻ ሰው አይፈታም።

ሠርክአዲስ ማሳውን አዙራ አሳየቻት። የታችኛው አጋማሽ አምና ዶክተሩ ራሳቸው አሲዱን የሚያበርድ ኖራ ያስበተኑበት፣ ጥቁርና ልስልስ ነው፤ የተቀበረው ጨርቅ ተበልቶ ክር ብቻ ቀርቷል። የላይኛው ግን አሲዳማ ነው፤ ጨርቁ ታጥቦ ሊለበስ ይችላል። ሬሳው የተገኘው ታች ነበር።

ሀብትነሽ በልቧ «ገዳዩ ልስልሱን አፈር ትቶ ሽቅብ ምን አስወጣው?» አለች። ላይኛው አፈር የተቀበረበትን ያበሰብስ እንደሆነ ንግሥቴን ብትጠይቃት፣ ሴትዮዋ በኀዘኗ መሃል ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት።

«እዚያ ላይማ የአምናው ፋንድያ ዛሬም ፋንድያ ነው። ኮምጣጣ አፈር ምን ይበላል ብለው ነው?»

ከማሳው ዳር የምርምሩ ሾፌር ይታገሱ የፒካፑን ባትሪ አውርዶ ይጠጋግናል። ሱሪው ወንፊት ሆኗል። ሀብትነሽ አይጥ ቤት ታድራለህ እንዴ ብላ ቀለደችበት።

«የባትሪ ውሃ ነው» አለ እየሳቀ። «አሲድ ጨርቅ ካገኘ መች ያስተርፋል!»

እሷም ሳቀችለት። ከዚያ ይታገሱ በፒካፑ እያዞረ ለገበሬው ያከፋፈለውን ኖራ ካንዱ ጎረቤት ቤት አስመጣች።

በማግሥቱ ሁሉም ማሳው ላይ ተሰበሰቡ፤ ደረሰም እጁ በካቴና እንደታሰረ መጣ። ሀብትነሽ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ጋቢውን የቀበረው ሰው እንዲጠፋለት ይፈልግ ነበር። ደረሰ ቢሆን ታች ይቀብረው ነበር፤ ላይኛው መሬት ፋንድያ እንኳ እንደማያበሰብስ ያውቃል። ሠርክአዲስም በትምህርቷ ታውቀዋለች። ሽቅብ የሚወጣው አሲድ የሚባል ነገር ሁሉ ጨርቅ የሚበላ የሚመስለው ሰው ብቻ ነው። ይታገሱ፣ የአፈር አሲድ ሌላ፣ የባትሪ አሲድ ሌላ። ያኛው አፈር በላተኞቹ የሞቱበት ነው፤ ጋቢህን አቆየልን።»

ጋቢውን ወደ ፀሐይ ዘረጋችው። አንዱ ጥግ በትናንሽ ቀዳዳ ተበሳስቷል፤ የቀዳዳው ጠርዝ የተለበለበ ነው። አፈር እንዲህ አድርጎ እንደማይበሳ ሠርክአዲስ መሰከረች። የይታገሱን ሱሪ ያየ ሁሉ ሌላ ምስክር አላስፈለገውም።

«ለምን ብዬ ልግደላቸው?» አለ ይታገሱ።

ሀብትነሽ ያስመጣችውን ኖራ አፍሳ ሆምጣጤ ጠብ አደረገችበት። ኖራ ቢሆን በፈላ ነበር። ይኸኛው ዝም አለ። ነጭ አፈር ነበር። ይታገሱ እውነተኛውን ለግንበኞች ሸጦ ለገበሬው ነጭ አፈር አከፋፍሏል፤ ዶክተሩም ደርሰውበት ማስታወሻቸው ላይ ጽፈውት ነበር።

ሀብትነሽ ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ይታገሱ ለማስረጃ የቀረበውን ዶማ ከፖሊሱ እጅ መንጭቆ የመሰከረችበት ሠርክአዲስ ላይ አነሣው። ሊደርስላት የሚችል የቀረበ ሰው ደረሰ ብቻ ነበር። እጁ እንደታሰረ ራሱን ወርውሮ በትከሻው ገጨው፤ ዶማው የደረሰን ክንድ ዘርጥጦ አጥንቱን አሳየው፤ ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። ፖሊሶች ሲደርሱ ይታገሱ በግንባሩ ተደፍቶ፣ አፉ በአፈር ተሞልቶ ነበር።

የደረሰ ካቴና ተፈትቶ ይታገሱ ላይ ገባ። ንግሥቴ በነጠላዋ የባሏን ክንድ እየጠመጠመች ነበር። ሾፌሩ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«እባክሽ ማሩኝ በይልኝ፣ አፈር ስሆን!»

ንግሥቴ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«የትኛውን አፈር?»