እስክሪብቶ የማይጽፍበት አገር

«ካፖርቱን ምን ነካው?» አለ ላውንደሪው ውስጥ ተራ የሚጠብቀው ወፍራም ሰውዬ።

«ሻይ ተደፋበት።»

«ሻይ እንኳ ይለቃል።»

የይለፍ ቃሉ ተሟላ። ሠራተኛዋ ደረሰኝ ልትጽፍ ጎንበስ ስትል፣ መስቀያው ላይ የተንጠለጠሉት ሁለት ካፖርቶች ቦታ ተለዋወጡ። አንድ ቀለም፣ አንድ ዓይነት አዝራር። በአንዱ ገበር ውስጥ ፊልም አለ። በሌላው ፖስታ።

ወፍራሙ ሰውዬ አለቃ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ «አጎት» ይባላል። ፊልሙን ያመጣው ሰላይ የምስጢር ስሙ «ካፖርት» ነው። ስም ያወጡለት ሰዎች ያን ቀን ብዙም አልተጨነቁም።

«ፖስታው ውስጥ ያለውን ወረቀት ዛሬውኑ የሴትዮዋ መሳቢያ ውስጥ ክተተው» አለ አጎት፣ መስኮቱን እያየ። «ነገ አራት ሰዓት ላይ ፍተሻ አለ።»

«ምንድነው?»

«ከካርታ ገዢዎቹ እጅ የያዝነው ማስረጃ። እሷ ጋ ካልተገኘ ፍርድ ቤት አይቀበለውም።»

«እሷ ናት ማለት ነው?»

«እሷ ናት። አይዞህ፣ ነገ ትገላገላለህ።»

ካፖርት ፖስታው ያለበትን ልብስ ይዞ ወጣ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በዩኒቨርሲቲው የጂኦግራፊ ክፍል የካርታ ጠባቂ መስሎ ኖሯል። ተልእኮው አንድ ጥያቄ ነበር፦ የሰሜን ዋልታን ስስ በረዶ የሚያሳየውን ካርታ ለባዕድ የሚሸጠው ማነው? በረዶው በሳሳበት ቦታ ሰርጓጅ መርከብ ሰብሮ ብቅ ይላል። ያንን ልኬት ደግሞ በእጇ የያዘች አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ተማሪዎቿ «እትዬ በረዶ» ይሏታል። በልጅነቷ ያየችው በረዶ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር ብቻ ነው። ዋልታን አጠናለሁ ስትል መምህሮቿ ሳቁባት። «ቆርቆሮ ላይ እስኪወርድልሽ ብትጠብቂ አይሻልም?» አሏት። ሴት ተመራማሪ አንጭንም ሲሏት ወደ ዋልታ በሚሄደው መርከብ ላይ በጸሐፊነት ተቀጥራ ሄደች። ሁለት የእግር ጣቶቿን እዚያው ትታ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሁለት ዓመት፤ ያን ጨምሮ አሥራ ዘጠኝ ጉዞ፣ አሥራ ዘጠኝ ደብተር። በመጪው ወር ጡረታ ትወጣለች።

ካፖርት ሥራ በጀመረበት ቀን አንድ ጆንያ እርሳስ አምጥታ ፊቱ ዘረገፈችለት።

«ቅረጽ» አለችው። «ልጄ፣ እዚያ አገር እስክሪብቶ ይከዳሃል። ቀለሙ ይረጋል። እርሳስ አይከዳም።»

ልጄ ትለው ነበር። እናቱ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ያለው ሰው አልነበረም፤ ደስ ይለው ነበር፤ ደስ ማለቱም ያሳፍረው ነበር።

የካርታ ክፍሉን በር ቆለፈ። ጓንት አጠለቀ። ፖስታውን ከፈተ።

የመስክ ማስታወሻ ገጽ። የአሥራ ዘጠነኛው ጉዞ ቀን። ጽሕፈቱ ቁርጥ የእሷ ነው።

በሰማያዊ እስክሪብቶ።

ካፖርት ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ገጹ የውሸት ነው። የውሸት ከሆነ ደግሞ ሻጩ እሱን ያዘጋጀው ሰው ነው፤ አጎት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! በየወሩ ደብተሮቿን ፎቶ አንስቶ «ለምርመራ» እያለ ለአጎት ሲያስረክብ የኖረው ማነው? ሌባውን ሲፈልግ የሌባው እጅ ሆኖ ኖሯል።

ለበላዮቹ ቢናገር አጎት ወረቀቱን ያቃጥላል። የእሱ ቃል ከአጎት ቃል ጋር ብቻ ይቀራል፤ የአለቃ ቃል ደግሞ ይከብዳል። ወረቀቱን ባያስቀምጠው ሌላ ሰው ያስቀምጠዋል፣ አሮጊቷም ቀሪ ዕድሜዋን እስር ቤት ትጨርሳለች። አጎት በገዛ አፉ፣ በምስክር ፊት፣ መያዝ አለበት።

ወረቀቱን መሳቢያዋ ውስጥ አስገባ። ፖስታውን ደበቀ።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ መጡ። አጎት፣ ሁለት ፈታሾች፣ አንድ መነጽራም ዋና መርማሪ። አጎት ሌላ መሳቢያ እንኳ አልነካም።

«ይኸው! በረዶ ላይ ቆማ የጻፈችው!»

«በረዶ ላይ ቆማ?» አለ መርማሪው።

«ቀኑ እኮ ተጽፏል! ጽሕፈቱም የእሷ ነው!»

ሳሩን አየ፣ ገደሉን አላየ።

እትዬ በረዶ ወረቀቱን ከዓይኗ አርቃ ያዘችና ሳቀች።

«ልጄ፣ እስቲ ደብተሮቹን አውርድላቸው።»

ካፖርት አንድ በአንድ አወረዳቸው። መርማሪው ገለጠ። እርሳስ። እርሳስ። እርሳስ። በመጀመሪያው ደብተር ላይ ብቻ አሥራ አንድ ገጽ ባዶውን ነበር፤ ደብዛዛ ሰማያዊ ጭረት እንጂ ፊደል የለበትም።

«ያኔ ነው የተማርኩት» አለች። «እዚያ ብርድ ላይ እስክሪብቶ ከስንጥር አይሻልም።»

«ቤቷ ገብታ ገልብጣው ይሆናላ!» አለ አጎት።

«አሁን በረዶ ላይ ቆማ አላልክም?» መርማሪው መነጽሩን አወለቀ። «ይህን እዚህ ማን አስገባው?»

ዝም ቢል ልጇ ሆኖ ይቀራል። ዝም ቢል ግን አጎት ሹልክ ይላል።

«እኔ ነኝ» አለ ካፖርት። «የሰጠኝ እሱ ነው። ፖስታው እኔ ጋ አለ፤ እኔ በጓንት ነው የያዝኩት፣ እሱ ግን በባዶ እጁ፤ አሻራው አለበት። ደብተሮቿንም ሁለት ዓመት ፎቶ እያነሳሁ ለእሱ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

አጎት ወደ በሩ ተራመደ። ፈታሾቹ ቀደሙት።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን እትዬ በረዶ ደብተሮቿን ወደ መደርደሪያው መለሰች። ሊያግዛት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም።

«ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡልኝ» አለችው።

ያስቀምጡልኝ።

ሁለት ዓመት አንተ ስትለው የኖረች ሴት። ብትሰድበው፣ በጥፊ ብትለው ይሻለው ነበር። ቁልፉን አስቀመጠና ወጣ።

ከሳምንት በኋላ፣ መሥሪያ ቤቱ ለአዲስ ተልእኮ በላከው ሌላ ከተማ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ የቅጥር ፎርም ሰጡት። እጁ ከልማዱ ኪሱ ገብቶ አንድ ቁራጭ እርሳስ አወጣ።

«በእርሳስ አይቻልም ጌታዬ» አለችው ጸሐፊዋ። «ይጠፋል።»

እስክሪብቶዋን ተቀበለና የእሱ ያልሆነ ስም ጻፈ።